አጋፋሪውና በጅሮንዱ

በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሃያ እንግዶች አድረው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው እልፍኝ፣ የራሳቸው በርና የራሳቸው መብራት ያላቸው ቢመስላቸው፣ ከመካከላቸውም አንዱ ስንኳ ከመጋረጃው ማዶ ሌላ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ቢነጋ፣ የዚያን ቤት አጋፋሪ ምንኛ ብልህ ሰው ነው ሳንል አንቀርም። ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉትን ምናባዊ ኮምፒውተሮች በአንድ ሰርቨር ላይ የሚያስተናግደው፣ ሃይፐርቫይዘር የተባለው ፕሮግራም ግብሩ ይኸው የአጋፋሪ ግብር ነው፤ ያለውን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ለሁሉ እያካፈለ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ግን ምሉዕ ኮምፒውተር ሆኖ እንዲታየው ያደርጋል። ጥበቡ ትናንት የተወለደ አይደለም፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ በትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሞክሮት በ1972 ቪኤም/370 ብሎ ያወጣው ሲሆን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ወደሚገኘው ተራ ሰርቨር ካወረዱት መካከል ስሙ የገነነው ደግሞ በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዳው ዲስክ አለኝ ይላል፤ አጋፋሪው ግን ያ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ መሆኑን ያውቃል። የእንግዳው ደብዳቤ፣ የሒሳብ መዝገቡ፣ ትዝታው ሁሉ በዚያ ፋይል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንግዲህ ይህ ፋይል የት ይደር? በሰርቨሩ በራሱ ሆድ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ካደረ፣ ሰርቨሩ የታመመ ዕለት እንግዳው አብሮ ይታመማል፤ ወደ ሌላ ሰርቨር ይዛወር ቢባልም በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ተሸክሞ መሄድ ግድ ይሆናል። ፋይሉ ከሰርቨሮቹ ሁሉ ውጭ፣ በኔትወርክ በሚደረስበት በአንድ የጋራ ግምጃ ቤት የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቪኤምዌር በ2003 ቪሞሽን ብሎ ያወጣው ዘዴ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነበር፤ እንግዳው ሥራውን ሳያቋርጥ ሜሞሪው ገጽ በገጽ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ይገለበጣል፤ በዚያው መካከል የተለወጡት ገጾች እንደ ገና ይገለበጣሉ፤ የቀሩት ጥቂት በሆኑ ጊዜ እንግዳው ለቅጽበት ዐይኑን ይጨፍንና በሌላ ቤት ይገልጣል። በግምጃ ቤቱ ያለው ፋይል ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተለወጠው ቁልፉን የያዘው እጅ ብቻ ነው።

ወደዚህ ግምጃ ቤት የሚያደርሱት መንገዶች በዋናው ሁለት ናቸው። በፊተኛው መንገድ ግምጃ ቤቱ የራሱ በጅሮንድ አለው፤ ሰርቨሩ «እገሌ የተባለውን ፋይል ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል አንብብልኝ» ብሎ ይልክበታል፤ የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ሣጥን የሚለው የበጅሮንዱ ምሥጢር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የካሊፎርንያ ኩባንያ በ1984 ያዘጋጀው ኤንኤፍኤስ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። በ1995 የወጣው ሦስተኛው እትሙ፣ አራተኛው ከተከተለው በኋላም ቢሆን፣ እስካሁን ከአገልግሎት አልወጣም።

ከዚህ እትም ጠባይ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ በጅሮንዱ ዝንጉ ሆኖ መፈጠሩ ነው። ማን እንደ መጣ፣ ማን ምን እንዳነበበ በልቡ አይዝም፤ የሚመጣለት ጥያቄ ሁሉ ለመልሱ የሚበቃውን ነገር በራሱ ላይ ጽፎ ይመጣል። ይህ ጉድለት ቢመስልም ከጥበብ የመነጨ ነው። ግምጃ ቤቱ በድንገት ጠፍቶ ቢነሣ የሚያስታውሰው ቀጠሮ ስለሌለ፣ ሰርቨሩ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ይልካል፣ መልሱ በመጣ ጊዜም ምንም እንዳልሆነ ሥራው ይቀጥላል። አራተኛው እትም ይህን ዝንጋታ ትቶ መዝገብ መያዝ ጀምሯል፤ ስለ መቆለፊያውና ስለ ጥበቃው የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ የፊተኛውን የመሰለ የዋህነት ግን የለውም።

ማገናኘቱን በቃል ሲናገሩት ቀላል ነው። በግምጃ ቤቱ በኩል አንድ ማውጫ ለይቶ፣ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች አድራሻ መጻፍ፤ በሰርቨሩ በኩል ደግሞ የግምጃ ቤቱን አድራሻ፣ የማውጫውን ስምና መጠሪያውን መስጠት ነው። ችግሩ የሚነሣው ከሥልጣን ነው። በኤንኤፍኤስ ልማድ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው በቤቱ ሩት፣ ማለት የሁሉ የበላይ ቢሆን፣ በግምጃ ቤቱ ደጅ ላይ ማዕርጉ ተገፎ «ማንም» ተብሎ ይመዘገባል። ደግ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ሃይፐርቫይዘሩ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በሩት ስም ስለ ሆነ፣ ማውጫው ተገናኘ፣ ስሙም ታየ፣ ደስ አለን በተባለበት ሰዓት የመጀመሪያውን ፋይል ሊጽፍ ሲል «አልተፈቀደም» ይባላል። ለዚህ ሲባል በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ማዕርጉ እንዳይገፈፍ ተብሎ በግልጽ ይታዘዛል፤ ይህ ከታዘዘ ደግሞ በሩ ለማንም ክፍት እንዳይሆን፣ አድራሻዎቹን በጥብቅ መወሰንና የግምጃ ቤቱን ኔትወርክ ከሠራተኞቹ ኔትወርክ መለየት ግዴታ ይሆናል።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። በኔትወርክ የሚጓዘው ጥቅል በተለምዶ 1500 ባይት ይይዛል፤ ለግምጃ ቤት ሥራ ግን 9000 ባይት ቢሆን ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሰርቨሩና ግምጃ ቤቱ ተስማምተው በመካከል ያለው ስዊች ያልሰማ እንደ ሆነ፣ ትንንሾቹ መልእክቶች ያልፋሉ፤ ሰላምታው ይደርሳል፣ ግንኙነቱ ይፈጸማል፣ ትልቁ ጽሑፍ በተላከ ጊዜ ግን ድምፅ ሳይሰማ በመንገድ ይቀራል።

ስለ ስም ደግሞ በራሴ የደረሰውን ልናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰርቨሮችን ከአንድ ግምጃ ቤት ጋር ሳገናኝ፣ ለፊተኛው የግምጃ ቤቱን አድራሻ በቁጥር፣ ለሁለተኛው በስም ጻፍሁለት። ለእኔ አንድ ቤት ነበረ፤ የሚያስተዳድራቸው ፕሮግራም ግን ግምጃ ቤትን የሚለየው በተጻፈው አድራሻና ማውጫ ፊደል ስለ ሆነ፣ ሁለት ቤት አድርጎ ቈጠራቸው፣ ለሁለተኛውም በስሙ መጨረሻ በቅንፍ 1 ጨመረበት። እንግዳውን ላዛውር ብል «ወዲያ ያለው ሰርቨር ዲስኩን አያየውም» እያለ እምቢ አለኝ። እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ገመድ ስፈትሽና ስዊች ስወቅስ ቆይቼ ጥፋቱ የብዕሬ ሆኖ ተገኘ። በማውጫው ስም መጨረሻ ላይ አንዲት እዝባር (/) ተጨምራ ብትገኝ ይኸው ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ አይስካዚ ነው። የዲስክ ቋንቋ የሆነውን ስካዚን በኔትወርክ ጥቅል ሸፍኖ የሚልክ ሲሆን፣ ደንቡ በ2004 ታትሟል። በዚህ መንገድ በጅሮንድ የለም፤ ለሰርቨሩ የሚሰጠው ቁጥር የተቀባ ባዶ መሬት ነው፤ መደርደሪያውን ራሱ ይሠራል፣ መዝገቡንም ራሱ ይጽፋል። ፍጥነቱ ያማረ ነው፣ በሁለት ገመድና በሁለት ስዊች እንዲሄድ ማድረግም ከጥንት የተለመደበት ነው። ነገር ግን ያው መሬት ለሁለት ሰርቨሮች በአንድነት ተሰጥቶ፣ በላዩም እንደ ኤክስት 4 ያለ ተራ የፋይል ሥርዓት ተዘርግቶ እንደ ሆነ፣ ጥፋት ይመጣል። ተራው የፋይል ሥርዓት በዓለም ላይ ብቻውን እንዳለ አድርጎ ያስባልና፣ ባዶ ቦታ የቱ እንደ ሆነ በሜሞሪው ይዞ፣ ሌላው አሁን የጻፈበትን ስፍራ ባዶ ነው ብሎ ይጽፍበታል። ሁለቱም ሰርቨሮች ደኅና ነን ይላሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከሁለቱ መዝገብ አንዱም አይነበብም። ቪኤምዌር ቪኤምኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት የሠራው ይህን ለመከልከል ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የያዘውን ፋይል መቆለፊያ በዲስኩ በራሱ ላይ ይጽፋል፣ በሕይወት መኖሩንም በየጊዜው እዚያው ላይ ያስታውቃል፤ ምልክቱ የተቋረጠ ሰርቨር እንደ ሞተ ተቈጥሮ ቁልፉ ለሌላው ይተላለፋል።

ሁለት ወይም ሦስት ሰርቨር ላለው መሥሪያ ቤት የኔ ፍርድ ኤንኤፍኤስን መምረጥ ነው፤ ከፍጥነቱ ጥቂት ቢቀርበትም፣ የፋይሎቹን ስም ከግምጃ ቤቱ በኩል በዐይን አይቶ መቁጠርና መቅዳት የሚሰጠው ዕረፍት ይበልጣል። የጋራ ግምጃ ቤት መጠባበቂያ ቅጂ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ተሳስቷል፤ እንግዶቹን ሁሉ ከሰርቨር ሞት አድኖ ለአንድ ሣጥን ሞት አሳልፎ ሰጥቷቸዋልና፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ስፍራ ያኑር።

ዋኖቹን እንግዶች ከማስገባቱ አስቀድሞም፣ ብትጠፋ የማታሳዝን አንዲት ቨርቹዋል ማሽን ግምጃ ቤቱ ላይ አሳድሮ፣ እየጻፈች ሳለ ወደ ግምጃ ቤቱ የሚሄደውን ገመድ ነቅሎ ሰዓቱን ይያዝ። ሊኑክስ የጫነች እንደ ሆነች፣ ያልተመለሰላትን የዲስክ ጥያቄ በተለምዶ የምትጠብቀው 30 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ለንባብ ብቻ አድርጋ ትዘጋለች፣ ገመዱ ተመልሶ ቢሰካም እስክትነሣ ድረስ አትጽፍም።