በሌለችበት የተዳኘችው እናት

ለፍቺ ጉዳይ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ እናቶች ብዙ ጊዜ ወሬውን ያስቀድማሉ። ባል ለዘመድ አዝማዱ ምን እንዳለ፣ ጎረቤት ምን እንዳወራ፣ ስማቸው እንዴት እንደጠፋ ይነግሩኛል። አላቋርጣቸውም፤ ስም ቀላል ነገር አይደለም። ሲጨርሱ ግን «ልጆቹ ዛሬ የሚያድሩት የት ነው?» እላለሁ። ይህን ጥያቄ እንዳስቀድም ያስተማረኝ የአንዲት እንግሊዛዊት ታሪክ ነው።

ካሮላይን ኖርተን በ1808 ተወለደች (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የስመ ጥሩው ጸሐፌ ተውኔት የሸሪደን የልጅ ልጅ ስትሆን ራሷም ገጣሚና ደራሲ ነበረች። በ1827 የሎርድ ግራንትሊን ታናሽ ወንድም፣ ጠበቃና የፓርላማ አባል የነበረውን ጆርጅ ኖርተንን አገባች። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደችለት፤ እሱ ግን ይደበድባት ነበር። የለንደን ቤቷን ከሚያዘወትሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሎርድ ሜልበርን ነበር፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በ1836 ጆርጅ እሷ ከቤት ባልነበረችበት ልጆቹን ወሰደባት። ቀጥሎ ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ሚስቴን አባልጓል» ብሎ ከሰሰና 10,000 ፓውንድ ካሳ ጠየቀ።

መዝገቡን በጠበቃ ዓይን ስመለከተው ያመኛል። ከሳሹ ባል ነው፤ ተከሳሹ ሜልበርን ነው። የሚነገረው ሁሉ ስለ ካሮላይን ነው፤ እሷ ግን በክርክሩ ውስጥ የለችም። ተከራካሪ ወገን ስላልሆነች ጠበቃ ማቆም አትችልም፤ ቀርባ ቃሏን መስጠትም አይፈቀድላትም። እኛ ዘንድ መብቴ ይነካል የሚል ሰው በጣልቃ ገብነት ማመልከት ይችላል። ለእሷ ይህ በር አልነበረም። ከሥራ የተባረሩ አገልጋዮች ስለ ገመናዋ መሰከሩ፤ አገር ሰማ። ጁን 22 ጁሪው ከመቀመጫው እንኳ ሳይነሳ ክሱን ውድቅ አደረገው። ሜልበርን በሥልጣኑ ቀጠለ። ካሮላይን ግን ልጆቿን አላገኘችም፤ የዘመኑ ሕግ ልጅን ለአባት ብቻ ይሰጥ ነበርና። ትንሹ ልጅ ዊሊያም ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ያኔ ብዕሯን አነሳች። ስለ እናት መብት ጽሑፍ አሳትማ ለእንደራሴዎች አደረሰች። ሕግ አውጪዎች የሴት ጽሑፍ ነው ብለው እንዳይንቁት አንዱን በወንድ ስም አወጣችው። ጠበቃው የፓርላማ አባል ታልፈርድ ረቂቁን ይዞ ተከራከረ፤ በ1839 ሕጉ ጸደቀ። እናት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ደግሞ ለማየት ፍርድ ቤት ልትጠይቅ ቻለች። ዝሙት የተረጋገጠባት እናት ግን ከመብቱ ተገለለች።

ሕጉ ስኮትላንድ አይደርስም ነበር። ልጆቹ ደግሞ ወደዚያ ተልከው ነበር። በ1842 ዊሊያም ከፈረስ ወድቆ ቆሰለ። ለእናቱ መልእክት ተላከላት፤ ስትደርስ ሞቶ ቆያት። አባትየው የቀሩትን ሁለቱን እንድታይ የፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት ደንበኛዬን ስም ለማጥራት ምስክር ስደረድር ከረምኩ። ልጇን የማየት ጥያቄውን «በኋላ እናቀርበዋለን» አልኳት። ወሬው ሐሰት መሆኑን አስረዳሁ፤ ልጁ ግን ሰባት ወር እናቱን ሳያይ ከረመ። ሲገናኙ አላቀፋትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የካሮላይን ትግል በዚህ አላበቃም። በ1848 ጆርጅ በዓመት 500 ፓውንድ ሊሰጣት ውል ፈረመ፤ በኋላ ክፍያውን አቋረጠ። በ1853 ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጆርጅ ውሉ አይጸናም አለ፤ ባልና ሚስት በሕግ ዓይን አንድ ሰው ናቸው፣ አንድ ሰው ከራሱ ጋር አይዋዋልም ማለቱ ነበር። የሚያሳዝነው ሕጉ ከእሱ ጋር መሆኑ ነው። የመጽሐፎቿ ገቢ እንኳ በሕግ የእሱ ነበር። በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ግልጽ ደብዳቤ አሳተመች። በ1857 በወጣው የፍቺ ሕግ በፍርድ የተለያየች ሚስት የራሷን ገቢ እንድትይዝ፣ በስሟ እንድትዋዋልና እንድትከስ ተፈቀደ። እነዚህ አንቀጾች ያለ እሷ ጩኸት ይገቡ ነበር ብዬ አላምንም። እሷ ግን ከጆርጅ የተገላገለችው በ1875 ሲሞት ነው። በ1877 ሌላ አገባች፤ በዚያው ዓመት ዐረፈች።

በፍቺ ላይ ላላችሁ ወላጆችና ለሙያ ባልደረቦቼ አደራ የምለው ይህን ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። የስም ማጥራቱ ክርክር በቀጠሮው ይደርሳል። የልጆቹን ጥያቄ ግን አቤቱታውን በምታስገቡበት ዕለት አብራችሁ አቅርቡ።