የስልክ ብራውዘር ውሸቶች

በክሮም ብራውዘር ላይ ሦስቱን ነጥቦች ሲነኩ ከሚዘረዘሩት ምርጫዎች መካከል «ዴስክቶፕ ሳይት» የምትል ሳጥን አለች። ብዙ ሰው የተዋወቃት በአንድ ዘዴ ነው፤ ዋትስአፕ ዌብን በሁለተኛ ስልክ ለመክፈት። ስልክ በስልክነቱ ወደ ዋትስአፕ ዌብ አድራሻ ሲሄድ መግቢያ የሚሆነውን ኪውአር ኮድ አያገኝም። ሳጥኗ ላይ ምልክት ሲደረግ ግን በዚያው ስልክ፣ በዚያው አድራሻ ኮዱ ብቅ ይላል። ስልኩ ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው።

ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ ማንነቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ክሮም በዚህ መስመር ውስጥ «አንድሮይድ» እና «ሞባይል» የሚሉ ቃላትን ያስገባል፤ ታብሌት ላይ ከሆነ «ሞባይል» የሚለው ይቀራል። ብዙ ሰርቨር የትኛውን ገጽ እንደሚሰጥ የሚወስነው ይህን አንብቦ ነው። ዴስክቶፕ ሳይት ሲመረጥ ክሮም ሁለቱንም ቃላት ያወጣና ሊኑክስ የተጫነብኝ ኮምፒውተር ነኝ ይላል። መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

ማስመሰሉ የቆየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኔትስኬፕ ራሱን «ሞዚላ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር፤ የተሻሉ ገጾቻቸውን ሞዚላ ነኝ ላለ ብቻ የሚሰጡ ድረ ገጾችም ነበሩ። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይዞ ሲመጣ እሱም ሞዚላ ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ከመጡትም አብዛኞቹ ተከተሉ። ዛሬ ክሮምም ሆነ ሳፋሪ መስመራቸውን የሚጀምሩት «ሞዚላ/5.0» ብለው ነው፤ በስሙ የመጠራት መብት ያለው ምናልባት የሞዚላው ፋየርፎክስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ውሸት ስለ ስፋት ነው፤ ብልሃቱም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2007 አፕል የመጀመሪያውን አይፎን ሲያወጣ ስክሪኑ በቁመት ሲያዝ ስፋቱ 320 ፒክስል ብቻ ነበር። የጊዜው ድረ ገጾች ደግሞ የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ለሚሰፋ የኮምፒውተር ስክሪን የተሠሩ ናቸው። በ320 ፒክስል ውስጥ ግቡ ቢባሉ ዓምዶቻቸው እርስ በርስ ይጨፈላለቁ ነበር። የአፕል መሐንዲሶች ገጾቹን ከማስተካከል ይልቅ ስልኩን ማስዋሸት መረጡ፤ ሳፋሪ «ስፋቴ 980 ፒክስል ነው» ይላል። ገጹ በዚህ በሌለ ሜዳ ላይ እንደ ልማዱ ይዘረጋል፤ ሳፋሪ ሙሉውን ወደ ሲሶው አሳንሶ ያሳያል። አንባቢው የፈለገውን ዓምድ በጣቱ ሁለቴ ሲነካው ዓምዱ ጎልቶ ስክሪኑን ይሞላል።

ሁለቴ መንካቱ ግን ዋጋ ነበረው። ጣት አንዴ ሲያርፍ ብራውዘሩ ሁለተኛው ይከተል እንደሆነ ለማወቅ 300 ሚሊ ሰከንድ ያህል መጠበቅ አለበት። ሊንክ ለመክፈት አንዴ ብቻ የነካ ሰውም ያንኑ ጥበቃ ይጠብቃል። በቁጥር ሲታይ ኢምንት ነው፤ ጣት ግን ይታወቀዋል። ድረ ገጽ ከአፕ ይልቅ ይንቀራፈፋል እየተባለ የሚነሳው ስሞታ አንዱ መነሻው ይህ ነበር። ክሮም በ2014፣ ሳፋሪ ደግሞ በ2016 ጥበቃውን ሲያስቀሩት ያስቀሩት ለስልክ ታስበው በተሠሩ ገጾች ላይ ነው።

ገጹ ለስልክ መታሰቡ በምን ይታወቃል? አፕል ባስተዋወቀውና ሌሎቹም በተቀበሉት፣ ቪውፖርት በሚባል አንድ መስመር ኮድ። ትርጉሙ «980 የሚለውን ተወውና የመሣሪያህን ስፋት ንገረኝ» እንደ ማለት ነው። መስመሩ ያልተጻፈበት ገጽ ላይ ስልኮች ዛሬም ወደ 980 ይመለሳሉ። አንዳንድ የቆየ ድረ ገጽ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቅቆ የሚታየው ለዚህ ነው። ዴስክቶፕ ሳይትም ስም ከመቀየር ባለፈ ይህን መስመር እንዳላየ ሆኖ ብዙውን ጊዜ 980ን ይመልሳል፤ ስም የማይጠይቁ ድረ ገጾች ጭምር መልካቸው የሚለወጠው በዚህ ነው።

የመሣሪያው ስፋት የተባለውም ቢሆን ትንሽ የታረመ ነው። ስክሪኑ 1080 ፒክስል የሚሰፋ ስልክ ለገጹ ብዙውን ጊዜ 360 ነኝ ይለዋል፤ ሦስቱን ደቃቅ ነጥቦች እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። እንዲያ ባይሆን ስክሪኑ በተሻለ ቁጥር ጽሑፉ ባነሰ ነበር። በ2010 የወጣው አይፎን 4 የስክሪኑ ነጥቦች በእጥፍ ጨምረው 640 ሲሰፋ፣ ለገጾች መናገር የቀጠለው ያንኑ 320 ነው።

ድረ ገጾችም በበኩላቸው ለዓመታት ሁለት ቤት ያስተዳድሩ ነበር፤ አንዱ ለኮምፒውተር፣ ሌላው አድራሻው በኤም ፊደል የሚጀምር ለስልክ። ከስልክ የተላከ ሊንክ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየውን የተለጠጠ ገጽ ያላየ ያለ አይመስለኝም። በ2010 ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት «ኤ ሊስት አፓርት» በተባለው የድረ ገጽ መጽሔት ላይ አንዱ ገጽ ራሱ እንደ ስክሪኑ ስፋት እየተጣጠፈ እንዲደረደር ሐሳብ አቀረበ። ሚያዝያ 2015 ላይ ጉግል በስልክ ፍለጋ ለስልክ የሚመቹ ገጾችን ማስቀደም ሲጀምር የዘገዩትም ተከተሉ።

ኦፔራ ሚኒ የሄደበት መንገድ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በኢትዮጵያም ብዙ ሰው ኢንተርኔትን የቀመሰው በዚህ የኖርዌይ ብራውዘር ነው፤ ስክሪኑ ጠባብ በሆነ፣ ቁልፍ ባለው ቀፎ። በ2006 ለዓለም የቀረበው ይህ ብራውዘር ገጹን ስልኩ ላይ አይሠራውም ነበር። የኦፔራ ሰርቨር ገጹን ከፍቶ፣ አሳጥሮና ጨምቆ ይልክለት ነበር፤ ኩባንያው እስከ 90 በመቶ ዳታ ይቆጥባል ይል ነበር። ጣጣም ነበረው። ገጹ ላይ ያለ ተንቀሳቃሽ ሜኑ ሲነካ ጥያቄው እንደገና ወደ ሰርቨሩ ይመለስ ነበር፤ በምስጢር የተቆለፈ ገጽም መሀል ላይ ባለው በኦፔራ ሰርቨር ተፈትቶ ነበር የሚያልፈው፤ ስለዚህ ለባንክ ጉዳይ የሚመከር አልነበረም። ካርድ በሳንቲም እየተቆጠረ ለሚያልቅበት ሰው ግን ውሉ ፍትሐዊ ነበር እላለሁ።

አሁን የማስመሰሉን ነገር ያወሳሰበው አይፓድ ነው። በ2019 በወጣው አይፓድኦኤስ 13 ሳፋሪ ማንም ሳያዘው ማክ ኮምፒውተር ነኝ ማለት ጀመረ፤ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ገጽ ይመጥነዋልና። ስፋት ግን ማውስ አይሆንም። የኮምፒውተር ገጾች ማውስ ሲያንዣብብባቸው ብቻ የሚከፈቱ ሜኑዎች አሏቸው፤ ጣት ደግሞ ወይ ይነካል ወይ አይነካም። ሳፋሪ እንዲህ ያለ ሜኑ ሲገጥመው የመጀመሪያውን ንክኪ እንደ ማንዣበብ፣ ሁለተኛውን እንደ መጫን ይቆጥረዋል። ድረ ገጽ ሠሪዎችም አይፓድን ከማክ መለየት ሲያቃታቸው ስሙን መጠየቅ ትተው ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ስንት ጣት በአንድ ጊዜ ሊነካህ ይችላል? ማኩ 0 ይላል፣ አይፓዱ 5።