ጠመንጃ ከመምረጥዎ በፊት ጥይቱን ይጠይቁ

መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» ይላል። ጠመንጃ ላይ ሲደረስ ግን ይህ ብልሃት ይረሳል። ገዢው ሰደፉን ይዳብሳል፣ ትከሻው ላይ ያስደግፋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል፤ ከዚያም ይከፍላል። ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ የሚጀምረው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ጥይት የማይገኝለት ጠመንጃ ደግሞ ውድ ዱላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሕጋዊ ፈቃድ ይዘው ማሳ ከሚያጠፋ አውሬ ሰብላቸውን ለመጠበቅ ወይም ዒላማ ለመተኮስ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ የሚፈልጉ ሰዎችን ነው። ለሁለቱም ሥራ ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ የሚመረጠው መቀርቀሪያው ጥይቱን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ አሠራሩ ቀላል ስለሆነና ተኳሹ ለእያንዳንዱ ጥይት እንዲያስብ ስለሚያስገድድ ነው።

የአራዳ ገበያ ትምህርት

ዛሬ ፒያሳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ወርቅ ቤቶቹን ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ግን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር፤ ወደ መርካቶ የተዛወረው በወረራው ዘመን ነው። በቀድሞው የአገራችን ገበያ ጥይት ዕቃ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። ያ ገበያ ነፍጥ ያለ ጥይት ዋጋ እንደሌለው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከአራዳ ሽቅብ እንጦጦ ላይ የሆነውም ያስተምራል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ንግድ ውስጥ ገብቶ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ። ገዢው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሲሆኑ፣ ንጉሡም ከሐረር ዘመቻ መልስ በመሣሪያ አልተቸገሩም። የሟች ሸሪኩ ዕዳም ተጨምሮበት ራምቦ የጠበቀውን ዋጋ ሳያገኝ ተመለሰ። የያዘውን የሚያውቅና ያልቸኮለ ገዢ ዋጋ ይቆርጣል።

«ምንሽር ነው» ማለት አይበቃም

በአገራችን የጠመንጃ ስም ከየመጣበት አገርና ፋብሪካ የተወረሰ ነው። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራ፣ ለበን ከለበል፣ በልጅግም ከቤልጅግ የመጡ ናቸው። ምንሽር የሚለው ስም ደግሞ በልማድ ለብዙ ዓይነት አምስት ጎራሽ ይሰጣል። ስለዚህ «ምንሽር ነው» ያለዎት ሻጭ ስለ ጥይቱ ገና ምንም አልነገረዎትም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ አንድ ይጎርሳል። የ1886ቱ ለበል 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከወረራው በፊት ከቤልጅግ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዛው የማውዘር ዓይነት አምስት ጎራሽ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስድስት ይጎርሳል። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ይዘውት የገቡት ሊ ኢንፊልድ ደግሞ 7.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን አሥር ይጎርሳል። 8 እና 7.92 በቁጥር ቢቀራረቡም የአንዱ ጥይት በሌላው አይተኮስም። «ይቀራረባል፣ ይሠራል» ብሎ መሞከር ዓይን ወይም እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ትክክለኛው መጠሪያ በርሜሉ ወይም አካሉ ላይ ተቀርጾ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ካላገኙ የሚያውቅ ባለሙያ ለክቶ ይንገርዎት።

ለማሳ ነው ወይስ ለዒላማ?

ሥራው ይለያያልና ጠመንጃውም ይለያያል። ዒላማ ለመለማመድ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነችው ትንሿ ጥይት ትበቃለች። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮሰውም በእርሷ ነው። አትራገጥም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ዋጋዋም ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። ሰው ተኩስ የሚማረው ብዙ ሲተኩስ ስለሆነ የጥይት ዋጋ የትምህርቱ ዋጋ ነው።

በማሳ ጥበቃ ላይ ግን ርቀትና የአውሬው ግዝፈት ይገባሉ። ለአነስተኛ አውሬ ቀላልና ፈጣን የሆነ የ5.56 ሚሊ ሜትር መደብ አረር ይመቻል፤ ለአደን የተሠራው ቀላል አረር መሬት ሲመታ የመሰባበር ጠባይ ስላለው ነጥሮ የመሄድ አደጋው ያንሳል። እንደ ከርከሮ ላለ ወፍራም አውሬ ከበድ ያለ አረር ያስፈልጋል። የጦር ሜዳ ጥይት ግን በመዳብ ተሸፍኖ ስለሚሠራ ወግቶ ያልፋል፣ ነጥሮም ይሄዳል። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ የሚችል አረር በማሽላው ማዶ ከብት የሚጠብቀውን የጎረቤት ልጅ አይለይም። ስለዚህ ከአውሬው ጀርባ አረሩን የሚያስቀር ኮረብታ ወይም ገደል ከሌለ አይተኮስም።

ወፍራም በርሜል ያለው ጠመንጃ ቶሎ ስለማይግል ተደግፎ ለሚተኮስ ዒላማ ይመረጣል። ማሳ ለማሳ ይዞ ለሚዞር ሰው ግን ክብደቱ ሸክም ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝ መስመርም ይታይ፤ ቀላል አረር ዝግ ባለ ጥምዝ ይበቃዋል፣ ረዥምና ከባድ አረር ግን ፈጠን ያለ ጥምዝ ይፈልጋል። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ጥሩ ጠመንጃም ዒላማ ይስታል።

አሮጌ ሲገዙ

አስቀድመው ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ መቀርቀሪያውን አውጥተው በቦታው ነጭ ወረቀት ይያዙና ከአፈሙዙ በኩል ይመልከቱ። ጥምዙ ጠርዙ ስል ሆኖ ሊታይ ይገባል። ጥቁር ቀለበት ካዩ በርሜሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ችግር ደርሶ አብጧል ማለት ሊሆን ይችላልና ይተዉት። የአፈሙዙን ጫፍ ይዩ፤ በመወልወያ ዘንግ የተበላ ከሆነ አረሩ ሲወጣ ይዛነፋል። የመቀርቀሪያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር መመሳሰሉን ያረጋግጡ፤ ከሌላ ጠመንጃ የተዋሰ መቀርቀሪያ ጥይቱን በልኩ ላይይዝ ይችላል። ሰደፉ ከመቀርቀሪያው ኋላ የተሰነጠቀ እንደሆነም በጣትዎ ይፈትሹ። ባለሙያ ተኩሶ ቀለሁን ቢያሳይዎት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከግርጌው ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ወይም ስንጥቅ ያለበት ቀለህ ጠመንጃው እንዳረጀ ይመሰክራል።

ብዙ በርሜል የሚበላሸው በመተኮስ ሳይሆን ከተተኮሰ በኋላ በሚመጣ ዝገት ነው። የድሮ የጦር ጥይት መለኮሻ ውስጡ ላይ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም። በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት ነው።

ፈቃዱስ?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም። የመሣሪያ ፈቃድም የአደን ፈቃድ አይደለም፤ የዱር እንስሳት ጉዳይ በራሱ አዋጅ ለብቻው ይታያል። ማሳ የገባ ሁሉ የሚተኮስበት አይደለም፤ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ጭላዳም ገብስ ውስጥ ይገባል። ውሻ፣ አጥርና ጠባቂ ብዙ ጊዜ ከጥይት ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉና አስቀድመው እነዚህን ያስቡ።

እንግዲህ ተራው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ጥይቱ፣ ከዚያ በርሜሉ፣ በመጨረሻ ዋጋው። ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ከዋጋው ይጀምራል። እርስዎ ግን ከፈቃዱ ይጀምሩ።