የናይሮቢ የገበሬዎች ገበያና የገበሬው ድርሻ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በተሰየመው ጎዳና አጠገብ፣ «ዋኩሊማ» የሚባል ታላቅ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ይገኛል። ጎዳናው ቀድሞ በባቡር ሐዲዱ መሐንዲስ በዋይትሃውስ ስም ይጠራ ነበር፤ አገሪቱ በ1963 ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ግን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ስም ተሰጠው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) «ዋኩሊማ» በስዋሂሊ ቋንቋ «ገበሬዎች» ማለት ነው። የከተማው ሕዝብ ግን «ማሪኪቲ» ይለዋል፤ ይኸውም ገበያ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወረሰ ነው። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሕዝቡ የመረጠው ስም ሳይሻል አይቀርም፤ በገበሬዎች ስም በተሠራው ስፍራ ገበያው አለ፤ ገበሬው ግን እምብዛም አይታይም።

ናይሮቢ በእርሻ ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ አይደለችም። በ1899 ከሞምባሳ ወደ ውስጥ አገር ይዘረጋ የነበረው የባቡር ሐዲድ በደረሰበት ረግረጋማ ሜዳ ላይ፣ ለሠራተኞች ማረፊያና ለዕቃ ማከማቻ የተተከለች ጣቢያ ነበረች። በ2019 በተደረገው ቈጠራ ግን የሕዝቧ ብዛት ከ4 ሚሊዮን አልፎ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚመገበው ከሩቅ በሚመጣ ምርት ነው። ድንችና ጥቅል ጎመን ከኒያንዳሩዋ ደጋ፣ ቅጠላ ቅጠል ከኪያምቡ፣ ሩዝ ከምዌያ፣ ሙዝ ከሜሩና ከኪሲ፣ ማንጎ ከማኩዌኒ፣ ዓሣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ሽንኵርትና ብርቱካንም ድንበር ተሻግሮ ከታንዛንያ ይገባል።

የጭነት መኪኖቹ ወደ ዋኩሊማ የሚደርሱት ሌሊት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሸካሚዎች ጆንያውን በትከሻቸው፣ ሌሎችም «ምኮኮቴኒ» በሚባለው የእጅ ጋሪ እያጓጓዙ በጠባቡ መተላለፊያ ይጋፋሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ የጅምላው ንግድ አብዛኛው አልቋል። በዚህ ሰዓት ከየሰፈሩ የመጡ ቸርቻሪዎች የቀን ድርሻቸውን ገዝተው ወደ መኪና ይጭናሉ።

ገበሬው በዚህ ገበያ የማይገኝበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት የሚያርስ ሰው የጭነት መኪና የለውም፤ ለብቻው ለመከራየትም ምርቱ አይበቃውም፤ ቲማቲሙም ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ አይጠብቀውም። ስለዚህ ደላላው ወደ ማሳው ይመጣል፤ ዋጋውን እዚያው ይቈርጣል፤ ለመኪና ይከፍላል፤ ከተማ ሲደርስም በገበያው ውስጥ ቦታ ላለው ለሌላ ደላላ ያስረክባል። ከዚያ ጅምላ ሻጩ፣ ቀጥሎም ቸርቻሪው፣ በመጨረሻም በላተኛው ይቀበለዋል። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ድካም የሚበሉ አይደሉም፤ መኪናው በጭቃ ሲያዝና ምርቱ በመንገድ ሲበላሽ ኪሳራውን የሚሸከመው ደላላው ነው። ሆኖም በከተማው የዕለቱ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ደላላው ያውቃል፤ ገበሬው ግን አያውቅም፤ ቢያውቅም ሌላ ገዢ የለውም።

ከዋጋው ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣው ግን የመስፈሪያው ነገር ነው። በኬንያ «ሉምቤሳ» የሚባል አሞላል አለ፤ ይኸውም ጆንያው እስከ አፉ ከሞላ በኋላ በላዩ መረብ ወይም ሌላ ጆንያ ተሰፍቶለት እንደ ጉብታ ተከምሮ የሚታሰርበት ነው። ዋጋው የሚነገረው በጆንያ እንጂ በኪሎ ስላልሆነ፣ ጆንያው በከፍታ በጨመረ ቍጥር የገበሬው ድርሻ ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል፣ 50 ኪሎ ይይዛል የተባለው ጆንያ 100 ኪሎ ቢሞላበት፣ ባለእርሻው ሁለት ጆንያ ሰጥቶ የአንዱን ዋጋ ተቀበለ ማለት ነው። ጕዳቱም በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የገበያና የመተላለፊያ ቀረጥ በጆንያ ቍጥር በሚሰበሰብበት ስፍራ፣ ጆንያው ሲገዝፍ ለመንግሥት ገንዘብ ቤት የሚገባው ይጐድላል። ተሸካሚውም ሕጋዊውን ጭነት አልፎ የሚሄድ ሸክም ስለሚሸከም አከርካሪው ይጐዳል።

ይህን ለማስቀረት የኬንያ መንግሥት በ2019 ስለ ድንች ንግድ ደንብ አውጥቶ፣ አንድ ጆንያ ከ50 ኪሎ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን አስቸጋሪ ሆኗል። አገሪቱ በ2010 ሕገ መንግሥት መሠረት «ካውንቲ» በሚባሉ 47 የአስተዳደር ክፍሎች ስለ ተከፈለች፣ እርሻና ገበያን የሚመለከተው ሥልጣን በብዛት የእነርሱ ነው። አንዱ ካውንቲ ደንቡን አጥብቆ ሲቈጣጠር ነጋዴው ሉምቤሳ ወደሚፈቀድበት ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ ሕጉን ያከበረው ገበሬ ገዢ አጥቶ ድንቹ በማሳ ይበሰብስበታል። ስለዚህ ሕግ አክባሪው ተቀጭ፣ ሕግ አፍራሹ ተጠቃሚ ይሆናል። ሚዛን በአንድ በር ተጠብቆ በሌላው በር ከተለቀቀ ጠባቂውን ሞኝ ከማድረግ በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚያን ጊዜ ወደ ገበያ የሚወጣው ከሥራ ያረፈው ቤተ ሰብ ነው። በፓርክላንድስ አጠገብ ያለው የሲቲ ፓርክ ገበያ ሕንዶች ለወጣቸው የሚፈልጓቸውን ባምያንና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠሎችን ይዞ ይጠብቃል። በካንጌሚና በኪቤራ አጠገብ ባለው በቶይ ገበያ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኵርት «ፉንጉ» በሚባል መደብ መደብ ይሸጣል፤ በቆሎና ቦሎቄ የመሰለው እህል «ጎሮጎሮ» በሚባለው የሁለት ኪሎ ጣሳ ይሰፈራል። ጥንቁቅ የቤት እመቤት ጣሳው ጎኑ እንዳልተጨረመተ ሳታይ አትገዛም። በማሳው ላይ ከመጠን በላይ የተሞላው ምርት፣ ከተማ ሲደርስ ከመጠን በታች ሊሰፈር ይችላልና ነው።

በየሰፈሩ ጥግ ተቀምጣ የምትቸረችረውን ሴት ሕዝቡ «ማማ ምቦጋ»፣ የአትክልት እናት ብሎ ይጠራታል፤ በእኛ አገር የጉልት ነጋዴ እንደምንላት ናት። እርስዋ ሌሊት ተነሥታ ከዋኩሊማ የገዛችውን ጎመን ለደንበኛዋ በቢላዋ አድቅቃ ትሰጣለች፤ ገንዘብ ላጠረውም በዱቤ ትለቅለታለች። ጎመኑ «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው፤ ሥጋ ለመግዛት ዐቅም ያነሰው ሰው እስከ ደመወዝ ቀን ድረስ የሚሰነብትበት ምግብ ስለ ሆነ ነው። በ2007 «ኤምፔሳ» የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላላኪያ ዘዴ ከተጀመረ ወዲህ፣ ይህች ሴት የጥቂት ሽልንግ ሽያጭዋን እንኳ በስልክ ትቀበላለች፤ ገንዘብ በእጅዋ ይዛ በሌሊት ከመጓዝም ድናለች።

ከገበያዎቹ ጎን «ኪባንዳ» የሚባሉ፣ በቆርቆሮና በሸራ የተሠሩ ትናንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ለኢትዮጵያ ሰው ንፍሮን የሚያሳስበው፣ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለበት «ጊዘሪ» ዋነኛ ምግባቸው ነው። ከበቆሎ ዱቄት ጠንክሮ የሚገነፋው «ኡጋሊ» ከሱኩማ ዊኪ ጋር ይቀርባል፤ ሕንዶች ያመጡት ቻፓቲ በምጣድ ላይ በዘይት ይገላበጣል፤ «ማንዳዚ» የሚባለው ጥብስ ሊጥ ከወተት ሻይ ጋር ይበላል። ወደ ማታ ደግሞ እሸት በቆሎ በከሰል ተጠብሶ በሎሚና በበርበሬ ይታሻል፤ የፍየልና የበሬ ሥጋም ይጠበሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኢስትሊ ሰፈር እንጀራና የተፈላ ቡና ለሚፈልግ ሰው አይታጣም። ምግብ ሻጩ የጤና ምርመራ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ሕጉ ያዛል፤ ነገር ግን የቧንቧ ውሃና መጸዳጃ በሌለበት ገበያ ወረቀቱ ብቻውን ንጽሕናን እንደማያመጣ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

እንግዲህ ገበሬውና በላተኛው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ስፍራ በናይሮቢ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። ባለጸጎች በሚኖሩባቸው እንደ ካረን ባሉት ሰፈሮች በሰንበት ቀን የሚቆሙ ትናንሽ የገበሬ ገበያዎች ተፈጥረዋል። በእነዚህ ስፍራዎች ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ የበቀለ አትክልት፣ ማር፣ ዕንቍላልና ዐይብ ያመረተው ሰው ራሱ ቆሞ ይሸጣል፤ እንዴት እንዳመረተውም ለጠየቀው ያስረዳል። የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች በ2007 ለእንዲህ ያለው ምርት አንድ የጋራ ደረጃ ስለ ወሰኑ፣ «ኪሊሞሃይ» የሚለው ምልክት ለገዢው ምስክር ሆኖለታል። የዋጋው ከፍታ ግን ድኻው በላተኛ እንዳይቀርብ ያደርገዋል፤ ቦታውን የሚያገኘውም ገበሬ መኪና ያለውና በከተማው አቅራቢያ የሚኖረው ነው።

ሌላም ሙከራ ተደርጓል። በ2014 የተቋቋመው ትዊጋ የተባለ ኩባንያ ከገበሬው ገዝቶ፣ ቸርቻሪዎች በስልክ ያዘዙትን በየደጃቸው ለማድረስ ተነሣ፤ ከውጭ አገርም ብዙ ካፒታል አገኘ። ነገር ግን ወጪው ስለ ከበደው በ2023 ብዙ ሠራተኞችን አሰናብቶ አሠራሩን ለመለወጥ ተገደደ። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፣ ደላላን ማስወገድ ደላላው የሚሠራውን ሥራ እንደማያስወግድ ነው። መሰብሰብ፣ መጫን፣ ብልሽትን መሸከም፣ ለድኻ ቸርቻሪ ማበደር፤ እነዚህን አንድ ሰው ሊሠራቸው ግድ ነው፤ የሚሠራቸውም ሰው ዋጋውን ይጠይቃል።

ይህ ጕዳይ የኬንያ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ አስተዳደር በቅርብ ዓመታት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርታቸውን በቀጥታ ለነዋሪው የሚያቀርቡባቸውን የእሑድ ገበያዎች በየክፍለ ከተማው አቋቁሟል። የፒያሳው አትክልት ተራም በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ስፍራ ተዛውሯል። በናይሮቢም ዋኩሊማ በ1960ዎቹ ሲሠራ ለታሰበለት ነጋዴ ዛሬ ስለማይበቃ፣ ነጋዴዎቹን በካንጉንዶ መንገድ ወደ ተሠራው ገበያ የማዛወር ሐሳብ ሲነሣና ሲያከራክር ቆይቷል። ነጋዴው የሚፈራው ከለመደው ደንበኛ መራቅን ነው፤ አስተዳዳሪው የሚያየው መጨናነቁንና ቆሻሻውን ነው፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ነገር ግን ገበያው የትም ቢሠራ፣ ጣራውም ቢያምር፣ በውስጡ የታመነ ሚዛን ከሌለ ያው የቀድሞው ገበያ ነው። ሚዛን ከመንገድና ከአዳራሽ ይልቅ በጥቂት ወጪ ይገኛል፤ ቀረጡ በጆንያ መሆኑ ቀርቶ በኪሎ ቢሰበሰብ፣ ለሉምቤሳ ከሚያደሉት ምክንያቶች አንዱ በዚያው ይቀራል፤ ጎረቤት አስተዳደሮችም በአንድ ቀን አንድ ዐይነት ቍጥጥር ቢጀምሩ ነጋዴው የሚሸሽበት በር አይኖርም። ሐቀኛው ነጋዴም ከዚህ ያተርፋል እንጂ አይጐዳም፤ ዛሬ ዋጋውን የሚሰብርበት ሰፈሩን ያጭበረበረው ተፎካካሪው ነውና። አባቶች «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ያሉት ለዚሁ ነው፤ በማሳ ላይ ጆንያውን ከልክ በላይ የሞላ ሰው፣ ቅዳሜ ልጁን ልኮ በተጨረመተ ጣሳ ሲሰፈርለት የሚከሰው አያገኝም።