ባክቴሪያው ጾም አያውቅም

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የቲቢ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ሲስተር፣ ክኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላቆየው?» አንዳንዱ ጭራሽ «ጸበል ልገባ ነው፣ ለጊዜው ላቋርጠው» ይላል።

ብዙ ሰው እምነቱ ከኛ የተለየ ታካሚ የሚከብደን ይመስለዋል። እኔን የሚከብደኝ ግን እምነቴን የሚጋራው ነው። እኔም ጿሚ ነኝ፤ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብዬ ማለፉ ይቀለኛል። ባክቴሪያው ግን ጾም አያውቅም። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፦ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ከተቋረጠ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ለቤተሰብም ይተርፋል።

ታዲያ «ጾምህን ተው» እላለሁ? አልልም፤ ጾሙ የሱ ነው። መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ በግልጽ እነግረዋለሁ። የንስሐ አባቱን እንዲያማክር እጠይቀዋለሁ፤ ጸበሉንም ክኒኑን ይዞ መሄድ ይችላል። በረመዳን ለሚመጣው ሙስሊም ታካሚም እንዲሁ ነው። ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ መጾም ከፈለገ ግን መድኃኒቱ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር እናስተካክላለን።

እምነቴ የሚያስለውን ሰው ሳልጸየፍ እንድቀርበው ያደርገኛል። አፌን እንዲዘጋኝ ግን አልፈቅድለትም። መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ናት፦ ለሌላ እምነት ተከታይ የምናገረውን እውነት ለራሴ ሰውም እናገራለሁ ወይ?