በሸራ ላይ የጸደቀ ውል

ሥዕል እንጀራዬ ነው። የታሪክ ሥዕል ፊት ስቆም አስቀድሜ የምጠይቀው ሠዓሊው ነገሩን በዓይኑ አይቷል ወይ ብዬ ነው። በቪክቶሪያ ግዛት ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የጆን ዌስሊ በርትን የዘይት ቀለም ሥራ ሳይም ይህንኑ ጠየቅሁ። ሥዕሉ ጆን ባትማን የተባለው ሰፋሪ ዛሬ ሜልቦርን ባለችበት ምድር፣ በሜሪ ወንዝ ዳር፣ የምድሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከዉሩንጀሪዎች ሽማግሌዎች ጋር ሲዋዋል ያሳያል። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1835 የተደረገ ነው፤ በርት የሣለው ግን በ1875 ገደማ ነው።

ከሸራው የሚነበበው ሰላምና ፈቃደኝነት ነው። የወረቀቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ባትማን በብርድ ልብስ፣ በቢላዋ፣ በመቀስ፣ በመስታወትና በዱቄት፣ በየዓመቱም በሚሰጥ መሰል ዕቃ፣ 600,000 ኤከር ገደማ መሬት ገዛሁ አለ። ያስከተላቸው የነባሩ ሕዝብ ተወላጆች ከሲድኒ በኩል የመጡ ስለነበሩ የዚያን አገር ቋንቋ አያውቁም። በውሉ ላይ ከሰፈሩት ስምንት ስሞች ሦስቱ «ጃጋጃጋ» የሚሉ ናቸው፤ የፊርማ ምልክቶቹንም ባትማን ራሱ ሳይሥላቸው እንዳልቀረ የሚጠረጥሩ የታሪክ ምሁራን አሉ። ሽማግሌዎቹ ምናልባት የፈጸሙት እንግዳ ለጊዜው በአገራቸው እንዲቀመጥ የሚፈቅዱበትን ታንደረም የተባለ ሥርዓት ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ገዥ የነበረው ሪቻርድ በርክ በዚያው ዓመት ውሉን ሻረ። የሻረው ግን ተታለዋል ብሎ አልነበረም፤ መሬቱ የእንግሊዝ ዘውድ ነው፣ እነርሱ ሊሸጡት አይችሉም ብሎ ነው። ከባትማን ዱቄትና መስታወት ይልቅ ይህ ያንገበግበኛል።

በርት አርአያ አላጣም። ቤንጃሚን ዌስት ዊልያም ፔን በ1682 ከአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሌናፔዎች ጋር ሲስማማ የሚያሳየውን ሥዕል የሠራው በ1771 እና በ1772 ነው። ነጋዴዎቹ በዛፍ ሥር የዘረጉት ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይንን ይይዛል፤ በሙያ ረገድ እጅግ አደንቀዋለሁ። ያሣለው የፔን ልጅ ቶማስ ነው። ቶማስ በ1737 የሌናፔዎችን ሰፊ መሬት በማታለል ከወሰዱት አንዱ ነበር። የአባት ደግነት በሸራ ሲደምቅ የልጅ በደል ይሸፈናል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን በርት ሲሥል ነገሩን ያየ ሰው በሕይወት መኖሩ ነው። የዉሩንጀሪው መሪ ዊልያም ባራክ ባትማን ሲመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ ማየቱንም ኋላ ተናግሯል። እርሱም ሠዓሊ ነው! ሕዝቡ የሚኖርበት የኮራንደርክ ሰፈር እንዳይዘጋ እስከ ሜልቦርን በእግር እየሄደ አቤት ያለ፣ በአፈር ቀለምና በከሰል የሚሥል ሰው። በታወቁት ሥራዎቹ ውስጥ የቆዳ ካባ የደረቡ ሰዎች በእሳት ዙሪያ ተሰልፈው ይጨፍራሉ፤ የራሳቸውን ሥርዓት በራሳቸው ምድር ይፈጽማሉ። መሬቱ የማን እንደነበረ ለማወቅ ከበርት ሸራ ይልቅ እነዚህን አምናለሁ።

የባራክ ሥራዎች አንዳንዶቹ በቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛሉ። ሜልቦርን የምትኖሩ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ የባትማንን ውል ሥዕል ስታሳዩ የተሣለበትን ዓመት ንገሯቸው፤ የባራክንም አሳዩአቸው።