ተጨማሪ መረጃ፦ የጄን ኤር ጠባይ በምን ይታወቃል?

ተማሪዎች፣ እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ልብ ወለድ መጀመሪያ ላይ ጄን የ10 ዓመት ልጅ ናት። እናትና አባቷ ሞተውባት በአጎቷ ሚስት ቤት ትኖራለች። አንድ ቀን መስኮት ሥር ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሽጋ ስለ ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ ስታገላብጥ የ14 ዓመቱ የአጎቷ ልጅ ጆን ይደርስባታል። መጽሐፉን ተቀብሎ ይወረውርባታል፤ ወድቃ ጭንቅላቷ ይደማል። እስከዚያ ቀን ዱላውን ችላ ኖራለች፤ ያን ዕለት ግን አፍ አውጥታ ተናገረችው። የተቀጣችው ግን እሷ ናት፤ አጎቷ በሞተበት ቀይ ክፍል ውስጥ ተቆለፈባት።

ደፋር መሆኗን ማንም አልነገረን፤ ራሳችን አየነው። የሰውን ጠባይ እንዲህ በድርጊት፣ በንግግርና በሐሳብ የመግለጥ ጥበብ የገጸ ባሕርይ አቀራረጽ ይባላል።

ጄንን ቁጡ ብቻ አድርጎ ማየት ግን እሷን መበደል ነው። አድጋ ከሌላ አጎቷ 20,000 ፓውንድ ስትወርስ ለሦስት ዘመዶቿ እኩል አካፍላ ለራሷ 5,000 ብቻ አስቀረች። በልጅነቷ ግፍ ያልተዋጠላት ጄን ፍትሕን ለራሷ ብቻ አልፈለገችም።

ጄን በልጅነቷ በገባችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ያየችው ብርድና ረሃብም ከደራሲዋ ሕይወት የተቀዳ ነው፤ የብሮንቴ ሁለት ታላላቅ እህቶች ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ታመው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1825 ሞተዋል።

እስቲ ሞክሩ፦ በቅርቡ ካነበባችሁት ታሪክ አንድ ገጸ ባሕርይ ምረጡ። «ጎበዝ»፣ «ክፉ»፣ «ደግ» የሚሉ ቃላትን ሳትጠቀሙ፣ ያደረገውን ብቻ በመጻፍ ጠባዩን ለጓደኛችሁ አሳዩ።